ቦርጭ ለብቻው አይከሳም



የዛሬው ርዕስ ቦርጭ መሆኑ ከተነገረ ጀምሮ ሆዳቸውን ሳብ አድርገው የተቀመጡ ሰዎች ይታዩኛል። ዘና በሉ፤ ትንፋሽ ያጥራችኋል፣ ንግግሩም አጭር አይደለም።

አዲስ ዓመት በገባ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ጂሞች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ የምትሰሙት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። አዲስ የተመዘገበው ሰውዬ ቲሸርቱን ሰብሰብ ያደርግና ሆዱን በሁለት እጁ ጨብጦ ለአሠልጣኙ ያሳየዋል። «ሌላው ሰውነቴ ደህና ነው፤ ይቺን ብቻ አጥፋልኝ» ይላል። አጠገቡ የቆመችው ሠርጓ ደርሷል፤ «ቬሎው እጅጌ የለውም፣ ክንዴን ብቻ» ትላለች። ሦስተኛው ሌላ ስጋት ይዞ መጥቷል፦ «ቦርጬ ይጥፋ፤ ፊቴ ግን እንዳይከሳ፤ ሰው ታመመ ይለኛል።» አሠልጣኙም ደንበኛ እንዳይሄድበት «ችግር የለም» ይላል። ለመጀመሪያው ሲት አፕ፣ ለሁለተኛዋ ቀላል ዳምቤል ያዝላቸዋል። ለሦስተኛው የሚሆን መሣሪያ ገና አልተሠራም።

ሦስቱም የሚያምኑት ነገር አንድ ነው፦ የሚሠራው ጡንቻ ከላዩ የተኛውን ስብ ያቀልጣል የሚል። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ይህ እምነት ለምን ልክ እንዳልሆነ፣ ልክ አለመሆኑ እንዴት እንደታወቀ፣ ይህም ሆኖ ለምን እንደማይሞት ነው። ስብ ከየት ቦታ ይቀንስ የሚለውን የመወሰን ሥልጣን አልተሰጠንም። የተሰጠን ምን ያህል ይቀንስ በሚለው ላይ እጃችንን የማስገባት ዕድል ነው፤ እሱም ሙሉ በሙሉ አይደለም።

በመጀመሪያ ግን ለእምነቱ ፍትሐዊ እንሁን። ሰው ይህን የሚያምነው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሰውነቱ ራሱ ስለሚያሳስተው ነው። ሠላሳ ሲት አፕ ሠርታችሁ ስትጋደሙ ሆዳችሁ ላይ እሳት የተለኮሰ ይመስላል። ያ ማቃጠል በትክክል ስቡ ባለበት አካባቢ ስለሚሰማ፣ «እየቀለጠ ነው» ብሎ ማሰብ የሚጠበቅ ነው። የሚያቃጥለው ግን ጡንቻው ነው፤ ሲደክም የሚያጠራቅማቸው ነገሮች ነርቮቹን ስለሚነካኩ ነው። ስብ ሲቀንስ አያቃጥልም፣ አያምም፣ አይሰማም። ተኝታችሁ ሳለ ሊቀንስ ይችላል።

እስቲ አንድ ነገር እናድርግ። እዚሁ በተቀመጣችሁበት ከእምብርታችሁ ጎን ያለውን ቆዳ በልብሳችሁ ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጡ። አትፈሩ፣ ማንም አያይም፤ ሁሉም የራሱን ይዟል። በጣቶቻችሁ መሀል የገባው ቆዳና ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ነው። አሁን ሳትለቁ ሆዳችሁን አጠንክሩ፣ ሰው ሊመታችሁ እንደመጣ ያህል። ከቁንጥጫው በታች የሚደድር ነገር ተሰማችሁ? ጡንቻው እሱ ነው። ጣታችሁ ውስጥ አልገባም። በሁለቱ መሀል ስስ ግን ጠንካራ ሽፋን አለ፤ ከላይኛው ወደ ታችኛው ነዳጅ የሚያወርድ ቱቦ ግን የለም። ጎረቤቶች ናቸው እንጂ ጓዳቸው አይገናኝም። በሉ ልቀቁት፣ ይበቃል።

ታዲያ ስቡ ጡንቻው ዘንድ የሚደርሰው እንዴት ነው? ይህን ቀስ ብለን እንየው፤ የዛሬው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው።

ስብ የሚቀመጠው በስብ ሕዋስ ውስጥ ነው። ሕዋሱን በማይክሮስኮፕ ብታዩት ሆዱን አንድ ትልቅ የዘይት ጠብታ ሞልቶት፣ ኒውክሊየሱ ወደ ዳር ተገፍቶ ታገኙታላችሁ። ዘይቱ ትራይግሊሰራይድ ይባላል፤ ሦስት ፋቲ አሲዶች በአንድ ግሊሰሮል ላይ ተያይዘው ማለት ነው። በዚህ መልኩ ከሕዋሱ መውጣት አይችልም፣ ትልቅ ነው። ስንንቀሳቀስ ወይም ሳንበላ ስንቆይ በደማችን ውስጥ ኢንሱሊን ይቀንሳል፤ አድሬናሊንና የቅርብ ዘመዱ ኖርአድሬናሊን ይጨምራሉ። እነዚህ መልእክተኞች የሚጓዙት በደም ስለሆነ የሆዱንም፣ የጀርባውንም፣ የጭኑንም፣ የአገጩንም በር ያንኳኳሉ። በሩን የከፈተ ሕዋስ ውስጥ ኢንዛይሞች ትራይግሊሰራይዱን ይቆራርጡታል። የተፈቱት ፋቲ አሲዶች ወደ ደም ይወጡና አልቡሚን በሚባል ፕሮቲን ላይ ተሳፍረው ወደ ልብ ይሄዳሉ። ከልብ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ተመልሰው ወደ ልብ፣ ከዚያም ወደ መላው ሰውነት ይረጫሉ። የሚሠራው ጡንቻ ድርሻውን የሚያነሳው ከዚህ ከሚያልፈው ደም ላይ ነው። የሆድ ጡንቻችሁ ያነሳው ስብ ከጀርባ የመጣ ይሁን ከመቀመጫ አይጠይቅም፣ ምልክትም የለውም።

ነገሩ መብራት ነው። ቆቃ ግድብ አጠገብ የሚኖር ሰው ማታ አምፖሉን ሲያበራ የቆቃን ውሃ ለብቻው እየቀነሰ አይደለም። ጊቤም ጣና በለስም የሚያመነጩት ኃይል አንድ መረብ ውስጥ ገብቶ ተቀላቅሏል፤ የትኛው ግድብ ምን ያህል ይልቀቅ የሚለው የሚወሰነው ሌላ ቦታ ነው። ሰውዬው የአገሩን አምፖል በሙሉ ቢያበራ እንኳ ቆቃን ለይቶ ማጉደል አይችልም።

ይህም ሲባል ጡንቻው በራሱ ውስጥ የተወሰነ ስንቅ አለው። አጭርና ከባድ ሥራ ሲሆን፣ ሲት አፕ እንደዚያ ነው፣ በብዛት የሚያነደው እዚያው የተከማቸውን ግላይኮጅን፣ ማለትም ስኳር ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ማቃጠል በተሰማን ሰዓት ከስብ የሚነካው ትንሽ ነው።

የወጣው ስብ ተቃጥሎ ወዴት ይሄዳል የሚለውን ብዙ ሰው በላብ፣ አንዳንዱም በሽንትና በሰገራ ይላል። በ2014 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ሩበን ሚርማንና አንድሩ ብራውን የተባሉ የአውስትራሊያ ሰዎች ሂሳቡን ሠርተው አቀረቡት። 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ 1.6 ኪሎው ውሃ ይሆናል። ቦርጭ የሚወጣው በዋናነት በአፍንጫ ነው ማለት ነው። ይህን ሰምታችሁ ወንበራችሁ ላይ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ እንዳትጀምሩ፤ ማዞር እንጂ መክሳት አያመጣም። ትንፋሹ የሚጨምረው ሥራው ሲጨምር ነው።

እስከ አሁን የነገርኳችሁ አሠራሩን ነው። ጥሩ አድማጭ ግን «መጽሐፉ እንዲህ ይላል፤ ሞክሮ ያየ አለ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። አለ። ከሙከራዎቹ ሁሉ እኔ የምወደው የቆየውን ነው፤ በጥቂት መሣሪያ ብዙ ነገር ስላሳየ።

በ1971 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዶክተር ግራንት ግዊናፕና ባልደረቦቻቸው እንዲህ ብለው አሰቡ፦ አንድን የአካል ክፍል ማሠራት ስቡን የሚያጠፋ ከሆነ፣ ተፈጥሮ ሙከራውን ሠርታ አስቀምጣልናለች፤ የቴኒስ ተጫዋቾችን እንይ። ጎበዝ የቴኒስ ተጫዋች ለዓመታት የሚመታው በዋናነት በአንድ እጁ ነው። ያኛው እጅ ኳስ ይወረውራል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይከተላል። ሁለቱም ክንዶች የአንድ ሰው ናቸው፤ የሚበላው አንድ ነው፣ ዘሩ አንድ ነው፣ እንቅልፉ አንድ ነው። ልዩነቱ ሥራ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ክንዶቹን በሜትር ዙሪያቸውን ለኩ፤ ከዚያ ካሊፐር በሚባለው መቆንጠጫ ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ለኩ። የሚመታበት ክንድ ወፍራም ሆኖ ተገኘ፤ ጡንቻው አድጓላ። ስቡ ግን በግራም በቀኝም ያው ነበር። ለዓመታት የተመታ ኳስ ከክንዱ ላይ ስብ ለይቶ አላነሳም። እንግዲህ የሠርጓ ቀን የደረሰው እህታችን በሁለት ወር ዳምቤል ምን እንደምትጠብቅ እናንተው ገምቱ።

ሁለተኛው በ1984 የወጣው የፍራንክ ካችና የጓደኞቻቸው ጥናት ነው። ይሄኛው በቀጥታ ወደ ሆድ ሄደ። 13 ወንዶች በ27 ቀን ውስጥ እያንዳንዳቸው 5004 ሲት አፕ እንዲሠሩ ተደረገ። ቁጥሩን ልብ በሉ፤ እዚህ ካለን ሰዎች በዕድሜ ዘመኑ ይህን ያህል የሠራ ስንት ይሆን? ከመጀመራቸው በፊትና ከጨረሱ በኋላ ከሦስት ቦታ፣ ከሆድ፣ ከትከሻ አጥንት ሥር ከጀርባ፣ ከመቀመጫ፣ በመርፌ የስብ ናሙና ተወሰደ። በመቆንጠጫ ብቻ አላመኑም፤ የእያንዳንዱን ሕዋስ ስፋት ነው የለኩት። ሕዋሶቹ ትንሽ አንሰው ተገኙ። ግን በሦስቱም ቦታ በተመሳሳይ መጠን ነው ያነሱት። ቀኑን ሙሉ ሲታጠፍ የከረመው ሆድ፣ ምንም ካልሠራው ጀርባ የተለየ ነገር አላገኘም።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ቶሎ ልለፋቸው። በ2011 አሜሪካ ውስጥ 24 ሰዎች ተሳትፈውበት፣ ከፊሎቹ ለ6 ሳምንት በሳምንት አምስት ቀን የሆድ እንቅስቃሴ ሠርተው ነበር፤ ሆዳቸው ላይ ያለው ስብ አልቀነሰም፣ ሲት አፕ የመሥራት አቅማቸው ግን ጨመረ። በ2013 የታተመ የቺሊዎች ጥናት ደግሞ 11 ሰዎች ለ12 ሳምንት አንድ እግራቸውን ብቻ እንዲያሠሩ አደረገ። በመጨረሻ ስብ ቀንሶ የተገኘው ከላይኛው አካላቸው ነበር፤ የሠራው እግር ካልሠራው አልተለየም። እግር ለፍቶ ደረትና ክንድ ከሱ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ብጨርስ ክርክሩን ያሸነፍኩ ይመስላል፤ ግን ሌላም ወገን አለ። በ2007 ኮፐንሃገን ውስጥ የተሠራ ጥናት የሚሠራ ጡንቻ አጠገብ ባለ ስብ ውስጥ የደም ዝውውርም የስብ መፈታትም በመጠኑ እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን በሚሊግራም የሚቆጠር ነው። በዚያ ላይ የተፈታ ስብ ሁሉ የተቃጠለ አይደለም፤ የሚጠቀምበት ካጣ ተመልሶ ይከማቻል፣ ምናልባትም ሌላ ቦታ። በ2023 ደግሞ ውፍረት ያላቸው 16 ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ሆድን ለረጅም ደቂቃ በሚያሠራ እንቅስቃሴ ከመሀል አካል ትንሽ የበለጠ ስብ ቀነሰ ብሎ ወጣ። ደጋፊዎቹ «ይኸው!» አሉ። ሆኖም ከመላ ሰውነት የቀነሰው ጠቅላላ ስብ ትሬድሚል ላይ ከሮጡት ጋር አንድ ነበር፤ ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የሠሩትም ልባቸው እስኪመታ የቆየ ሥራ ነው እንጂ ማታ ከመኝታ በፊት የሚሠራ ሃያ ሲት አፕ አይደለም። በሌሎች ሰዎች ላይ ተደግሞ እስኪታይ ድረስ ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ ግልጽ ይመስለኛል።

አሁን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ሥራ ካልመረጠ ማነው የሚመርጠው? ለምንድነው አንዱ ሲወፍር ሆዱ ላይ፣ ሌላዋ ዳሌዋ ላይ የሚሆነው?

በ1947 ዣን ቫግ የተባሉ የማርሴይ ሐኪም የወንድ ዓይነትና የሴት ዓይነት ውፍረት ብለው ለይተው ጻፉ። ወደ ላይኛው አካልና ወደ ሆድ የሚሰበሰበው ከስኳር በሽታና ከልብ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ ያኔ ተናገሩ፤ ለብዙ ዓመታት ብዙ ሰው አልሰማቸውም። የቦታው ምርጫ በሆርሞንና በዘር የሚወሰን ነው። የሴት ዳሌና ጭን ላይ ያለው ስብ «አትልቀቅ» የሚለውን የአድሬናሊን ምልክት የሚቀበሉ ተቀባዮች ይበዙበታል፤ ስለዚህ ለእርግዝናና ለማጥባት የተቀመጠ ስንቅ ይመስል አልወጣም ብሎ ይቆያል። የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን ይቀንስና አዲሱ ስብ ወደ ሆድ ማምራት ይጀምራል። «ምንም ሳልጨምር ቀሚሴ ወገቡ ላይ እንቢ አለኝ» የሚሉ እናቶች ውሸት አይደለም የሚናገሩት።

ስለ ዘር ከሆነ ከካናዳ ኩቤክ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም። ክሎድ ቡሻርና ባልደረቦቻቸው 12 ጥንድ አንድ ዓይነት መንትዮችን፣ ወጣት ወንዶችን፣ በ100 ቀን ውስጥ ለ84 ቀናት በየቀኑ ከሚያስፈልጋቸው በላይ 1000 ኪሎ ካሎሪ መገቧቸው። ውጤቱ በ1990 ታተመ። በአማካይ 8.1 ኪሎ ጨመሩ፤ ትንሹ 4.3፣ ትልቁ 13.3። ተመሳሳይ ትርፍ በልተው! የሚደንቀው ግን መንትዮቹ እርስ በርስ መመሳሰላቸው ነው፤ በጨመሩት ኪሎ ብቻ ሳይሆን ስቡ በተቀመጠበት ቦታም። ወንድሙ ሆዱ ላይ ካስቀመጠ እሱም ሆዱ ላይ አስቀመጠ። አባታችሁን ሸሚዝ አስወልቃችሁ እዩ፤ አሠልጣኝ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል።

ከእኛ አገርም ማስረጃ ልጨምር፣ ለዚህስ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የረጅም ርቀት ሯጮቻችንን ፊት በቴሌቪዥን ታውቁታላችሁ። ጉንጫቸው ላይ ስብ የለም። በጉንጫቸው ሮጠው ያውቃሉ? በሁዳዴ አጋማሽስ በእውነት የጾመውን ሰው የምናውቀው በምንድነው? ሆዱን ገልጠን አይደለም። «ፊትህ ገባ እኮ» እንላለን። ያ ሦስተኛው ሰውዬ የፈራው ነገር መሠረት አለው፤ ብዙ ሰው ላይ ፊት ቀድሞ ይከሳል፣ ግትሩ ቦርጭ ደግሞ ከሚያመሹት አንዱ ነው። ሰዎች ለሁለት ወር ደክመው «ምንም አልሠራልኝም» ብለው የሚተዉት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሠርቶላቸዋል፤ የሠራው ግን መስታወት ፊት በሚያዩበት ቦታ አይደለም።

ወደ ገበያው እንምጣ። ይህ እምነት በሙከራ ከወደቀ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ለምን አልሞተም? አንዱ ምክንያት እንጀራ የሚበላበት ሰው ስላለ ነው። «ጠቅላላ አኗኗርህን ቀስ ብለህ ለውጥ» የሚል ዕቃ በካርቶን አይታሸግም። «ቦርጭ ማጥፊያ» ግን ይታሸጋል። ሰው የሚያፍረው በጠቅላላው ሰውነቱ አይደለም፤ በአንድ ቦታ ነው፣ ስለዚህ የሚገዛውም ለዚያች ቦታ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከ1949 ጀምሮ ሪላክሳሳይዘር የሚባል መሣሪያ ይሸጥ ነበር፤ ወገብና ጭን ላይ በሚለጠፍ ነገር ኤሌክትሪክ ልኮ ጡንቻውን ያኮማትራል። ወይዘሮዋ ሶፋ ላይ ጋደም ብላ ትከሳለች ነው ነገሩ። ወደ 400,000 ገደማ ከተሸጠ በኋላ በ1970 የፌዴራል ፍርድ ቤት ለጤና አደገኛ ነው ብሎ ሽያጩን አገደ። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በ2002 የዚያው አገር የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አብትሮኒክ የሚባለውንና መሰሎቹን የኤሌክትሪክ ቀበቶዎች ከሰሰ። በ2011 ሪቦክ መቀመጫና ጭን ያጠነክራል ብሎ ባስተዋወቀው ኢዚቶን ጫማ ምክንያት ለገዢዎች ተመላሽ የሚሆን 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2012 ደግሞ በቀን 3 ደቂቃ ብቻ እያለ ይሸጥ የነበረው አብ ሰርክል ፕሮ ለተመላሽ እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ስምምነት ፈረመ። ቀበቶው ስሙን እየቀየረ ይመጣል፤ ይኸው ዛሬ በእኛ ቴሌግራም ላይ «ኦሪጅናል፣ በነፃ እናደርሳለን» ተብሎ ይሸጣል።

የእኛ የራሳችንም አለን። ወገቧን በምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ጠቅልላ፣ ከላይ ሹራብ ደርባ ትሬድሚል ላይ የምትሮጥ ልጅ አይታችሁ ይሆናል። ስትፈታው ላቡ ይንጠባጠባል፤ ሚዛን ላይ ስትወጣ ቀንሳለች። የቀነሰው ውሃ ነው፣ ቤቷ ገብታ አንድ ጠርሙስ ስትጠጣ ይመለሳል። ጠዋት በባዶ ሆድ የሚጠጣው ሎሚና ዝንጅብል ለይቶ የሚያቀልጠው ስብ የለም፤ ጨጓራ ላለበት ሰው ደግሞ መከራ ነው። ማክሰሚያ ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ሻዮች ውስጥ ሰና የሚባል የሚያስቀምጥ ቅጠል አለ። የሚያወጣው አንጀት ውስጥ ያለውን ነው፣ ከዚያም ውሃንና እንደ ፖታሲየም ያሉ ጨዎችን። ሲደጋገም ልብን ሊያውክ ይችላል። በዚህ በኩል ቀልድ የለም።

«በቢላዋስ?» ትሉኛላችሁ። ሊፖሰክሽን፣ ስብን በቱቦ መምጠጥ፣ በእርግጥ ከአንድ ቦታ ለይቶ የሚያነሳ መንገድ ነው። ሁለት ነገር ግን ልጨምር። በ2004 ሴንት ሉዊስ ውስጥ ሳሙኤል ክላይንና ባልደረቦቻቸው ከ15 ወፍራም ሴቶች ሆድ በአማካይ 10 ኪሎ የሚጠጋ ስብ አስወጥተው ከወራት በኋላ ለኳቸው። የደም ግፊታቸው፣ የኢንሱሊን አሠራራቸው፣ የደም ቅባታቸው አልተሻሻለም። ያን ያህል ኪሎ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ቢቀንሱ ኖሮ በብዙዎቹ ላይ ይሻሻል ነበር። በ2011 የታተመ የኮሎራዶ ጥናት ደግሞ የሴቶች ስብ ከታችኛው አካል ከተመጠጠ በኋላ በዓመቱ ጠቅላላ ስባቸው ወደነበረበት ተመለሰ አለ። የተመጠጠው ጭን እንደቀነሰ ቀረ፤ የተመለሰው ወደ ሆድና ወደ ላይኛው አካል ሄደ። ሰውነት ስቡን አልረሳም፣ አድራሻውን ቀየረ።

ስለ ወለዱ እናቶች ደግሞ ለብቻው ልናገር፤ ይህ ነገር ሲቀላቀል አዝናለሁ። ከወለዱ በኋላ ሆዳቸው አልገባ ያለ ሴቶች «ቦርጭ» ተብለው ሲት አፕ ይታዘዝላቸዋል። ብዙዎቹ ላይ ዋናው ነገር ስብ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ከእምብርት ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ የጡንቻ ዓምዶች ይራራቃሉ፣ በመሀላቸው ያለው ሽፋን ይለጠጣል። አንዳንዷ ላይ በወራት ራሱ ይሰበሰባል፣ አንዳንዷ ላይ ይቀራል። መቀነት ወገብን ይደግፋል፣ ያሳርፋል፤ ስብ አያጠፋም። የተራራቀው ጡንቻ የራሱ የሆነ ቀስ ያለ ማጠናከሪያ አለው፤ ተራው ሲት አፕ ለአንዳንዶቹ ጭራሽ ላይስማማ ይችላል፤ ፊዚዮቴራፒስት የሚያይ ነገር ነው። እንደዚሁም እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ በፍጥነት እየተነፋ የሚሄድ ሰው ጂም ሳይሆን ሐኪም ቤት ይሂድ። ጉበት፣ ማዮማ፣ ሌላም ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን ይሠራ? እዚህ ጋ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። አሥር ደቂቃ ሲት አፕ 100 ኪሎ ካሎሪ አይሞላም፤ ወጡ ላይ ጠብ ያደረጋችሁት አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ 120 ይሆናል። ስለዚህ ትልልቅ ጡንቻዎችን ለረጅም ጊዜ የሚያሠራ ነገር ይሻላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፣ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይቆጠራል። ሳህኑ ላይ ደግሞ ዘይት፣ ስኳር፣ ቢራና ለስላሳ ቀድመው ይታዩ፤ እንጀራን የሁሉ ወንጀለኛ የሚያደርጉት ሰዎች ወጡን አላዩትም። ሲት አፕም ፕላንክም ሥሩ፣ ጡንቻ ይጠነክራል፣ ይህ በራሱ ጥሩ ነገር ነው። ከዚያ በላይ አትጠይቁት።

አንድ ደስ የሚል ዜና ግን አለ። ቅድም የቆነጠጣችሁት ስብ ከሁሉ አደገኛው አይደለም። አደገኛው ከጡንቻው በታች፣ ጉበትንና አንጀትን ከቦ የተቀመጠው ነው፤ በጣት አይያዝም። እሱ ደግሞ ለእንቅስቃሴ ቶሎ ይታዘዛል፤ አንዳንድ ጊዜ ሚዛኑ ሳይነቃነቅ ይቀንሳል። ይህን የሚከታተሉበት ርካሽ መንገድ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። በመጨረሻው የጎድን አጥንታችሁና በዳሌ አጥንት የላይኛው ጫፍ መሀል፣ በባዶ ቆዳ ላይ፣ ሳትስቡና ሳትነፉ፣ ትንፋሽ ካወጣችሁ በኋላ ለኩ። የሱሪ ቁጥር አያገለግልም፤ ብዙ ወንድ ሱሪውን ከቦርጩ በታች ነው የሚታጠቀው። ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳራችሁንና ግፊታችሁን ታዩ። በየወሩ በተመሳሳይ ሰዓት ድገሙት፤ በየቀኑ የሚለካ ሰው የሚለካው የትናንት ራቱን ነው።

እኔ እዚህ ላይ ላቁም። ማይክሮፎኑ ወደ እናንተ ይዙር፤ ከኋላ እጃቸውን ካወጡት እንጀምር።